የተጣለው ብረትና የተናቀው እጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነቢዩ ኢሳይያስ በትንቢቱ 54ኛ ምዕራፍ ቍጥር 16 ላይ፥ በፍም ላይ እየነፋ የሥራ መሣሪያ የሚያወጣው ብረት ሠሪ የእግዚአብሔር ፍጥረት መሆኑን ይነግረናል፤ ይህንንም የሚመሰክረው ራሱ ፈጣሪው ነው። ይህን ምዕራፍ ስናነብ ለጽዮን የተሰጠውን የመጽናናት ተስፋ እናደንቃለን፤ ስለ ብረት ሠሪው የተነገረውን ግን እንደ ቀላል ነገር ቈጥረን እናልፈዋለን። በዛሬው ጽሑፋችን በዚያች ቃል ላይ ጥቂት ልንቆም ወደድን፤ ምክንያቱም ከአንድ ባለ እጅ ደጅ በዓይናችን ያየነው፥ በኅሊናችንም የተወቀስንበት ነገር አለ።

ስለ ብረቱ

ከመኪና በታች፥ በአካሉና በጎማዎቹ መካከል ሆኖ ጭነቱን የሚሸከም ባሌስትራ የሚባል ብረት እንዳለ ሁላችን እናውቃለን። ባሌስትራ ማለት ረዣዥም ዝርግ ብረቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው፥ በመካከላቸው በብሎን ታስረው፥ እንደ ደጋን ጐብጠው የሚሠሩት ነው። ከሁሉ የሚረዝመው በሁለቱ ጫፍ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ከመኪናው አካል ጋራ ይያያዛል፤ ሌሎቹ እያጠሩ ከሥሩ ይደረደራሉ። ጭነቱ ሲከብድ ይዘረጋሉ፤ ሲቀል ወደ ጕብጠታቸው ይመለሳሉ። መንገዱ ጐርበጥባጣ በሆነ ጊዜ ተሳፋሪው እንዳይናወጥ፥ ዕቃውም እንዳይሰበር፥ ምቱን አስቀድመው የሚቀበሉት እነርሱ ናቸው።

ይህ ብረት ከተራው ብረት የተለየ ጠባይ አለው። ለበርና ለአጥር የሚውለው ለስላሳ ብረት ከ1000 እጅ 2 እጅ ያህል ካርቦን ሲኖረው፥ የባሌስትራ ብረት ከ1000 እጅ 6 እጅ ያህል አለው፤ ማንጋኒዝም፥ እንደ አሠራሩም ክሮሚየም ወይም ሲሊከን ይጨመርበታል። ስለዚህ ባሌስትራ በእሳት ግሎ በድንገት ቢቀዘቅዝ እጅግ ይጠነክራል፤ ለስላሳው ብረት ግን እንዲህ ቢደረግበት ብዙም አይለወጥ።

ይሁን እንጂ እርሱም ለብዙ ዓመት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይደክማል፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይጀምረዋል፤ አንድ ቀንም በኮረኮንች መንገድ ላይ ከነጭነቱ ይሰበራል። ሾፌሩ በጕዞው መሰናከል ተበሳጭቶ ያማርረዋል፤ ከዚያም ተፈትቶ በጓሮ ይጣላል፤ ዝናብ ይወርድበታል፤ ዝገት ያለብሰዋል። በኋላም ቆራሌው በጥቂት ገንዘብ ይገዛዋል፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራ እንደምናየው፥ በሌሎችም ከተሞች፥ ከመሰሎቹ ጋራ ይከመራል። ባለ እጁ ግን ከዚያ ክምር መካከል ገብቶ ለማረሻ፥ ለመጥረቢያ፥ ለማጭድ፥ ለቢላዋ የሚሆነውን እየመረጠ ያወጣል። ሾፌሩ ጨርሻለሁ ያለውን እርሱ ገና እጀምረዋለሁ ይላል።

ስለ ሥራው

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በጥቅምት ወር መጨረሻ፥ ሰብሉ ለአጨዳ በተቃረበ ጊዜ፥ የአጥቢያችን የሰንበቴ ማኅበርተኞች ባሏ የሞተባትን የአንዲት ደካማ እናት ማሳ በደቦ ሊያጭዱላት ተስማሙ። ማጭድ ስለ ጐደለ በመንገድ ዳር ከሚሠራ አንድ ባለ እጅ ዘንድ እንድናሠራ ተላክን። ሥራው እስኪያልቅ ድረስም ከደጁ በድንጋይ ላይ ተቀምጠን ተመለከትን።

ባለ እጁ አንዱን የተሰበረ ባሌስትራ አንሥቶ በጣቱ ዳሰሰው፤ በመዶሻው ጫፍ መታ አድርጎም ድምፁን አዳመጠ። ከስብራቱ አጠገብ ያለውን ክፍል በጠመኔ ምልክት አደረገበትና፥ «ይህ ውስጡ ተሰንጥቋል አባቴ፤ በእሳት አይድንም፤ ተቈርጦ ይወጣል። ከዚህ ወዲህ ያለው ግን ጤነኛ ነው» አለን። እኛ የምናየው ሁሉም እኩል የዛገ ብረት ነበር።

ከዚህ በኋላ ከሰሉን ከምሮ ብረቱን በፍም ውስጥ ቀበረው፤ ወንድ ልጁም ወናፉን ያናፋ ጀመር። ብረቱ አስቀድሞ ደብዛዛ ቀይ፥ ቀጥሎ የፍም ቀይ፥ በመጨረሻም የብርቱካን ቀለም መሰለ፤ ይህ የመጨረሻው ቀለም ሙቀቱ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መድረሱን የሚያስታውቅ ነው። በዚያን ጊዜ በጕጠት ይዞ አወጣውና በመስፉ ላይ አድርጎ ይቀጠቅጠው ጀመር። ቀለሙ ሲደበዝዝ መዶሻውን ይገታል፤ ብረቱንም ወደ ፍሙ ይመልሰዋል። የቀዘቀዘ ብረት ቢመታ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃልና። ልጁ ከመጠን በላይ ባናፋ ጊዜም ይቈጣዋል፤ ብረቱ ነጭ ሆኖ እንደ ኮከብ የሚፈናጠር ብልጭታ ቢያወጣ ተቃጥሏል ማለት ነውና፥ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ብልሃት የለም።

እንዲህ እያደረገ ጕብጠቱን አቀና፤ በመሮ ለማጭድ የሚበቃውን ቈረጠ፤ ወደ እጀታው የሚገባውን ጭራ አሾለ፤ አፉን አሳሳ፤ በመስፉ ጠርዝ ላይም እንደ ጨረቃ አጐበጠው። ከዚያም እንደገና አግሎ በአመድ ውስጥ ቀበረው። ብረቱ በዝግታ ሲቀዘቅዝ ይለሰልሳል፤ በሞረድም ለመሞረድ ይመቻል። በአመዱ ውስጥ ብዙ ቈይቶ ከወጣ በኋላ ጥርሱን በመሮ አወጣለት፤ አፉንም ሞረደው።

አሁን የቀረው ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው ነበር። ባለ እጁ ከፀሐይ ወደ ጥላ ገባ፤ የብረቱ ቀለም በትክክል የሚለየው በጥላ ነውና። ማጭዱን እንደ ፍም ቀይ እስኪሆን፥ ማግኔት እንኳ የማይስበው እስኪሆን ድረስ አጋለውና በአሮጌ የሞተር ዘይት ውስጥ በአንድ ጊዜ ነከረው። ጢሱ ቤቱን ሞላው። ስለ ምን በውኃ እንዳልነከረው ብንጠይቀው፥ «ውኃ ይቸኵላል አባቴ፤ ይህን ዓይነት ብረት ይሰነጥቀዋል። ዘይት ይታገሠዋል» ብሎ መለሰልን።

ማጭዱ ከዘይቱ ሲወጣ ሥራው ያለቀ መስሎን እጃችንን ዘረጋን። እርሱ ግን፥ «ገና ነው አባቴ፤ አሁን ከድንጋይ ላይ ቢወድቅ እንደ ጠርሙስ ይሰበራል» አለን። በእርግጥም በዚያን ጊዜ ብረቱ ከሁሉ ይልቅ ጠንካራ ነበረ፤ ለሥራ ግን አይሆንም ነበር። ስለዚህ አፉን በድንጋይ ፈትጎ አጠራው፤ ጀርባውንም ወደ ረጋው ፍም አስጠግቶ በዝግታ ያሞቀው ጀመር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በጠራው ብረት ላይ የገለባ መልክ ያለው ቀለም እየተሳበ ወደ አፉ መጣ። ይህ ቀለም የሚታየው ሙቀቱ 220 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ቢተዉት ወደ ቡና ዓይነት፥ ወደ ሐምራዊ፥ 300 ዲግሪ ሲደርስም ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ብረቱም ያን ያህል እየለሰለሰ ይሄዳል። ባለ እጁ የገለባው ቀለም ከአፉ ላይ በደረሰ ጊዜ ከእሳቱ አወጣው። ከጠንካራነቱ ጥቂት ተቀነሰለት፤ በዚያ ፈንታ መጽናትን አገኘ። የገለባ ቀለም ለብሶ ወደ ገለባ አጨዳ ሊሄድ ተዘጋጀ።

ስለ ምሳሌው

እንግዲህ ወገኖቻችን ሆይ፥ ከዚህ ሥራ ለነፍሳችን የሚሆን ትምህርት ብንፈልግ ብዙ እናገኛለን፤ ሦስቱን ብቻ እንናገር።

በመጀመሪያ፥ የተጣለው ብረት ከሥራው ተለየ እንጂ ከባሕርዩ አልተለየም። ዝገቱ ከላይ ነው፤ ስብራቱም በአንድ ሥፍራ ነው፤ ብረቱ ግን ያው ብረት ነው። ሰውም በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ስለ ሆነ (ዘፍ. 1፥27) በኃጢአት ቢወድቅ፥ በድህነት ቢጐሳቈል፥ በሰው ዘንድም ጥቅሙ አለቀ ቢባል፥ አርአያው ፈጽሞ አይጠፋበትም። የጠፋችውን አንዲት ድሪም መብራት አብርታ፥ ቤቷን ጠርጋ የፈለገችው ሴት (ሉቃ. 15፥8) ምሳሌነቷ ለዚህ ነው። ድሪሟ ከትቢያ ውስጥ ወድቃ በነበረችበት ጊዜ እንኳ ዋጋዋ አልተቀነሰም።

ሁለተኛ፥ የሠሪው እሳት በልክ ነው። ባለ እጁ ብረቱን የሚያግለው ሊያቃጥለው አይደለም፤ የሚመታውም ሊሰብረው አይደለም። በልቡ የማጭዱን መልክ ይዞ ነው የሚሠራው። ሐዋርያው ጴጥሮስ የእምነታችንን መፈተን በእሳት ከሚፈተን ወርቅ ጋራ አስተያይቶ የተናገረው (1ኛ ጴጥ. 1፥7)፥ ጳውሎስም እግዚአብሔር የሚወደውን እንደሚገሥጽ ያስተማረው (ዕብ. 12፥6) ከዚህ ጋራ ይስማማል። ነገር ግን በዚህ ቦታ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ብረት ፈቃድ የለውም፤ ሰው ግን ነጻ ፈቃድ አለው። ስለዚህ የሰውን መከራ እያየን፥ እግዚአብሔር እየቀጠቀጠህ ነውና ዝም በል ልንለው አይገባንም። መዶሻው በእጃችን ያለ ይመስል በወንድማችን ላይ ማንሣትም የእኛ ሥልጣን አይደለም።

ሦስተኛ፥ ጠንካራነት ብቻውን ፍጹምነት አይደለም። ይህ ለእኛ ለካህናት ይልቁን ይመለከተናል። በጾምና በስግደት፥ በቀኖናና በሕግ ጠንክረን፥ ርኅራኄ ግን ሳይጨመርልን ብንቀር፥ ከዘይት ወጥቶ ሁለተኛውን እሳት እንዳላየው ማጭድ ነን። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲገጥመን እንሰበራለን፤ ስንሰበርም ስባሪያችን ሌላውን ያቈስላል። ጌታችን ፈሪሳውያንን ከአዝሙዱና ከከሙኑ ዐሥራት ጋራ ምሕረትን እንዳይተዉ የገሠጻቸው (ማቴ. 23፥23) ይህ ሁለተኛው እሳት ስለ ጐደላቸው ነው።

ስለ ዋንጫው

ይህን ትምህርት ከሰጠን ከዚያ መምህር ጋራ ምን እንዳደረግን ደግሞ ሳንሰውር እንናገር።

ማጭዶቹ አልቀው ሒሳቡን ከከፈልን በኋላ፥ የባለ እጁ ባለቤት በዋንጫ ጠላ ይዛ ወጣች። ከእሳቱ አጠገብ ብዙ ሰዓት ቈይተን ነበርና ተጠምተን ነበር። ዕለቱም የጾም ቀን አልነበረም። እርሷም ጐንበስ ብላ ዋንጫውን ዘረጋችልን። እጃችን ግን ዘገየ።

ዘገየ ስንል የአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። በዚያች ትንፋሽ ግን በልጅነታችን ከምድጃ ዳር የሰማነው ሁሉ ወደ ልባችን መጣ፤ ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፥ ሌሊት ጅብ ይሆናል፥ ከእጁ አትብላ፥ ከዕቃው አትጠጣ የተባልነው ሁሉ። መጽሐፍ ካነበብን፥ ቅዳሴ ካጠናን፥ ሌላውንም ካስተማርን ብዙ ዘመናችን ነው፤ ያ ወሬ ግን እንደዚያ ዓይን የማያየው ስንጥቅ በውስጣችን ተቀምጦ ኖሯል።

ባለ እጁ አየን። የቀለምን ለውጥ በጥላ ውስጥ ለይቶ የሚያውቅ ዓይን የፊታችንን መለወጥ እንዴት ይስተው? ቍጣም ወቀሳም አላሰማንም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «አባቴ፥ ዕቃው ንጹሕ ነው። ይጠጡ» ብቻ አለን።

ጠጣን። ነገር ግን የጠጣነው ጠላ እንደዚያ ቀን መርሮን አያውቅም፤ ምሬቱም ከጠላው አልነበረም። ከጠጣን በኋላ የክርስትና ስሙን ጠየቅነው፤ ነገረን። ያ ሰው በአጥቢያችን 11 ዓመት ሲኖር፥ በየበዓሉ ከቅጽሩ ውስጥ ቆሞ ሲያስቀድስ፥ እኛ የምናውቀው በሥራው መጠሪያ ብቻ ነበር። የየትኛው ማኅበር አባል እንደ ሆነ ብንጠይቀውም፥ «ማን ያስገባኛል አባቴ? ማጭዱን ይወስዱታል፤ እኔ ግን ከጽዋው አልደርስም» አለን።

እንግዲህ አስተውሉ። ለመበለቲቱ ምሕረት ልናደርግ የወጣን እኛ ነን። የምሕረቱን መሣሪያ የሠራልንን ሰው ግን ከምሕረቱ ማዕድ አርቀነው ኖርን።

ስለ መጻሕፍት ምስክርነት

አንዳንዶች ይህን ንቀት በመጽሐፍ ሊደግፉት ይሞክራሉ። የናስና የብረት ሠራተኞች አባት ቱባልቃይን ከቃየል ዘር ነው፥ ስለዚህ ሥራው የተረገመ ነው ይላሉ። መልሳችን እንዲህ ነው። በዚያው ምዕራፍ የበገናና የመለከት አባት ዮባልም ከዚያው ዘር እንደ ሆነ ተጽፏል (ዘፍ. 4፥21-22)። ሁለቱ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ዳዊት የዘመረበትን በገና በጸሎታችን እያከበርን፥ መዶሻውን ስለ ቃየል እንረግም ዘንድ እንዴት ይሆናል? ደግሞም ከጥፋት ውኃ በኋላ ምድርን የሞሉት የኖኅ ልጆች ብቻ ናቸው (ዘፍ. 9፥19)፤ ስለዚህ ዛሬ ከአናጺው፥ ከብረት ሠሪው፥ ከገበሬውም ሆነ ከካህኑ መካከል በአባት ወገን የቃየል ዘር ነው የሚባል የለም።

ስለ ባለ እጆች ክብር ግን መጻሕፍት በግልጽ ይናገራሉ። የደብተራ ኦሪትን ንዋያት በወርቅ፥ በብርና በናስ ይሠራ ዘንድ የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት ባስልኤል ነው (ዘጸ. 31፥2-5)። ጠቢቡ ሲራክም በመስፉ አጠገብ ተቀምጦ፥ የእሳቱ ወላፈን ሥጋውን እያቀለጠው፥ የመዶሻው ድምፅ ጆሮውን እያደነቈረው፥ ዓይኑን ከሥራው መልክ የማይነቅለውን ብረት ሠሪ ያነሣል፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች በሌሉበት ከተማ ሊኖር እንደማይችልም ያስተምራል (ሲራ. 38፥28-32)። ነቢዩ ኤልሳዕ ከድኃ የነቢያት ልጅ እጅ ከዮርዳኖስ የወደቀውን የመጥረቢያ ብረት እንዲንሳፈፍ አደረገ (2ኛ ነገ. 6፥5-7)፤ አንድ ተራ የእጅ መሣሪያ፥ ያውም የተዋሰው፥ ተአምር ሊደረግለት ተገባው። ከሁሉም በላይ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በሥጋው ወራት ጸራቢ ተብሎ ተጠርቷል (ማር. 6፥3)። የአገሩ ሰዎች ይህን ስም የተናገሩት ሊንቁት ነበር፤ ንቀታቸው ግን ከበረከቱ ለያቸው እንጂ እርሱን አላሳነሰውም።

የመነኮሳት ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም። ጳላድዮስ በ5ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ስለ ግብጽ አባቶች ሲጽፍ፥ ከአባ ጳኵሚስ ገዳማት በአንዱ 7 ብረት ሠሪዎችና 4 አናጺዎች ሲሠሩ ማየቱን መስክሯል። የእነዚያ መነኮሳት መዶሻ ከጸሎታቸው አልለያቸውም። በአገራችንም መስቀሉን፥ ጸናጽሉን፥ ጽናውን፥ ቃጭሉን የሠራ ማን ነው? በላሊበላ ከአለት ስለ ተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ስንተርክ የመላእክትን ረዳትነት እናስባለን፤ ከመላእክቱ ጋራ የደከሙትን ሰዎችና በእጃቸው የነበረውን መሮና መጥረቢያ ግን እንረሳለን።

የባለ እጅ መናቅ አገርን እንደሚጐዳ ደግሞ ከመጽሐፈ ሳሙኤል እንማራለን። በሳኦል ዘመን በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ አልነበረም፤ ስለዚህ ሕዝቡ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል እንኳ ወደ ጠላቶቹ ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ ነበር (1ኛ ሳሙ. 13፥19-22)። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ ባወጡት ዐዋጅ ይህንኑ አስገንዝበዋል፤ የሰው ሁሉ አባትና እናት አዳምና ሔዋን መሆናቸውን አሳስበው፥ በስድብ ምክንያት ማረሻ የሚሠራ ሰው እስከ መታጣት እንዳይደረስ አስጠንቅቀዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የንጉሥ ቃል አፍን ሊከለክል ይችላል፤ ልብን ለመለወጥ ግን የተሾምነው እኛ ነን፤ ሥራውንም ገና አልፈጸምንም።

ስለ ቡዳ የሚነገረውንም በዝምታ አናልፈውም። ቤተ ክርስቲያን ስለ ክፉ መናፍስት የምትጸልየው ጸሎት በሰይጣን ላይ ነው እንጂ በጎረቤት ላይ አይደለም። ቅንዓትና ክፉ ዓይን የልብ ኃጢአት ነው (ማር. 7፥22)፤ ከሥራ ዓይነት ወይም ከአባት ዘር የሚወረስ አይደለም። የተጠመቀውን ክርስቲያን ያለ ምስክር ጅብ ይሆናል የሚል ሰው፥ በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ አፍርሷል (ዘጸ. 20፥16)። ጴጥሮስም ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል ከሰማይ ተገልጦለታል (ሐዋ. 10፥28)። ጌታችንም አይሁድ ከዕቃዋ ከማይጠጡላት ከሳምራዊቷ ሴት ዘንድ ውኃ ለመነ (ዮሐ. 4፥7-9)። እርሱ እጁን ሲዘረጋ አልዘገየም።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ አባቶቻችንና ወንድሞቻችን ካህናት፥ በየአጥቢያችን ያሉትን ባለ እጆች በክርስትና ስማቸው እንወቃቸው፤ በስማቸውም እንጥራቸው። ንስሐ አባት የሌላቸው ካሉ ወደ ቤታቸው ገብተን ጠበል እንርጭ፤ ከማዕዳቸውም እንቅመስ፤ ምእመናኑ ከስብከታችን ይልቅ ይህን ያያሉና። በሰንበቴና በማኅበር ጽዋ ላይ ወንድም ከወንድም ሲለይ እያየን፥ የቆየ ልማድ ነው ብለን ጸሎቱን አድርሰን አንሂድ። በአንድ ጽዋ ከክርስቶስ ደም የተቀበሉ ሰዎች በጠላ ዋንጫ ሊለያዩ አይችሉም።

ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ ሲያለቅሱ በቀጥቃጭ ስም አታስፈራሩአቸው። ስንጥቁ የሚጀመረው ከዚያ ነው፤ በሽምግልናም ሲገለጥ እኛን አይታችሁ ተማሩ።

እናንተም ባለ እጆች ወንድሞቻችን ሆይ፥ ክብራችሁን በሥራችሁ ጠብቁ። የተሰረቀ የመኪና ዕቃ ሲመጣላችሁ ዋጋው ርካሽ ቢሆን እንኳ አትቀበሉ። ስንጥቅ ያለበትን ብረት በሞረድ አስውባችሁ፥ ሁለተኛውንም እሳት ሳታሳዩ ለገበሬ አትሽጡ። የማጭዱ መሰበር የአንድ ቤት የዓመት እንጀራ ሊያጐድል ይችላልና። ሰንበትንም አክብሩ፤ ምድጃችሁ በዚያች ቀን ይረፍ።

የእኛ ነገር እንዴት እንደ ተፈጸመ ደግሞ እንናገርና እናብቃ። ማጭዶቹን ይዘን ሄድን፤ የመበለቲቱም ማሳ በአንድ ቀን ታጨደ። በተከታዩ ሰንበት በሰንበቴው መካከል ተነሥተን ኃጢአታችንን ተናገርን፤ ባለ እጁም በማኅበሩ እንዲገባ ጠየቅን። ሁሉም አልተስማሙም። ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወጡ፤ ከእነርሱም አንዱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ስለ እርሱም እንጸልያለን። ባለ እጁ ግን መጣ። ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ወደ ውስጥ ግባ ብንለው፥ ለዛሬ ይበቃኛል አለን። ጽዋው በተራው ከእርሱ ደረሰ፤ ጠጣና ከጐኑ ለነበሩት ሽማግሌ አቀበላቸው። ሽማግሌውም ሳይዘገዩ ተቀበሉት።

ወገኖቻችን ሆይ፥ የመሥዋዕቱ ኅብስት ከስንዴ ነው፤ ስንዴውም በማጭድ ይታጨዳል፤ ማጭዱም በዚያ ጥቁር እጅ ይሠራል። ወደ ቅዱስ ቍርባን በቀረብን ቍጥር ያ እጅ ከእኛ አስቀድሞ ለመሥዋዕቱ እንደ ደከመ እናስብ። ከጓሮ የወደቀውን ብረት ለመከር የሚያበቃ ብልሃት ለሰው የሰጠ አምላክ፥ እኛ የጣልናቸውን ወንድሞች አንሥቶ የመንግሥቱ ወራሾች ያደርጋቸዋል፤ እኛንም የጣልናቸውን ከጥላቻችን ስንጥቅ ለይቶ፥ በእሳቱ አጥርቶ፥ በምሕረቱ አለዝቦ፥ ለመከሩ የምንጠቅም መሣሪያ ያድርገን።

የአባቶቻችን ጸሎት፥ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር አሜን።